‘ፓረንት’ ስለሚለው ቃል ለይርጋለም

አሽዶድ፣ ሮቫ አሌፍ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለይርጋለም፣
ጎንደር

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽ ወንዳለስ እንዴት ነው? ሆዲያስ፣ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍሁትም። ደብዳቤ በሰው እጅ ሲደርስሽ መጀመሪያ የሚመጣብሽ ሐሳብ መርዶ እንደሚሆን አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። እናትሽ ጉልበቷን ከማመም በቀር ምንም የላትም። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ልብሽን አሳርፊና ቀጥዪ።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ብዙአለም ናት። ከእኛ በታች አንደኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ ዓምና ለሆዲያ ጫማ ያመጣችላት ሴት። ከስግድ በዓል በኋላ፣ እሑድ ትበርራለች። በፖስታ ያልላክሁት በጊዜ ይደርሳል ብዬ ስላላመንሁ ነው። በስልክ ያልነገርሁሽ ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱንም አልደብቅሽም። እስከዚያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ብቻሽን ሆነሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትዘይ አንብቢው። ልጅ ሳለሽ መጽሐፍ ስታነቢ መጨረሻውን ገጽ ቀድመሽ ትገልጪ ነበር። ዛሬ እንዳታደርጊው።

ባለፈው ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እንደ ልማድሽ ደወልሽ።

«አባዬ፣ ዝምድናችንን የሚያረጋግጠው የምራቅ ምርመራ ቅጽ መጣ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው» አልሽኝ።

«እንግሊዝኛ ከሆነማ ምን ያስፈራሻል? የማን ልጅ ነሽ?» አልሁሽ። ለቀልድ ያህል ነበር። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንደጠየቅሁሽ የገባኝ።

«እሱማ ነው። ግን አንዲት ቃል ሁለት ቦታ ላይ አለች፤ ‘ፓረንት’ የምትል። በአንዱ ከፊቷ ‘ባዮሎጂካል’ ይላል፤ በሌላው ‘አሌጅድ’ ይላል። ያንተን ስም የትኛው ላይ ልጻፍ? ትርጉሟን ከነአገባቧ ንገረኝ፤ እንዳላበላሽ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ፣ ኅዳር 23 ነው።»

ከዚያ በኋላ «አባዬ? አባዬ ትሰማኛለህ?» ስትዪ ነበር። እሰማሻለሁ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። መልሰሽ ስትደውዪም ለእናትሽ «ኔትወርክ አስቸገረ በያት» ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ተማሪ ጠይቆኝ ሸሽቼ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ መልስሽን እጽፋለሁ። በሥርዓቱ፣ እንዳስተማርሁሽ፤ መጀመሪያ ትርጉም፣ ከዚያ አገባብ፣ ከዚያ ተመሳሳይ ቃላት። በሥርዓት ካልሄድሁ እጄ መሐል መንገድ ላይ ይያዝብኛል።

‘ፓረንት’ ስም ነው። አባትን ወይም እናትን፣ ከሁለቱ አንዱን፣ ጾታ ሳይለይ ይጠራል። እኛ «ወላጅ» ብለን እንተረጉመዋለን። የእኛው ቃል ከመውለድ የወጣ ስለሆነ መፈናፈኛ የለውም። የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ግን የወለደውን ካስቀመጠ በኋላ ቀጥሎ የሰውን ልጅ ተቀብሎ እንደ ራሱ ያሳደገውንም ይጨምራል። ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ክፍል ውስጥ አስተምሬው አላውቅም። ጊዜ አይበቃም እል ነበር። ጊዜውስ ይበቃ ነበር።

አገባቡን የምናውቀው እኛ መምህራን ነን። ተማሪ ሲያረፍድ፣ ሲደባደብ፣ ደብተር ሳይዝ ሲመጣ «ወላጅ ይዘህ ና!» እንላለን። አንዱ አጎቱን ይዞ ይመጣል፤ ሌላው አያቱን፤ ሌላዋ ተጠግታ የምትኖርበትን ቤት ባለቤት። ማንም መምህር «ወላጅ መሆንዎን በምን አውቃለሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ለልጅ ብሎ ሥራውን ፈትቶ፣ ከበር ላይ ቆሞ የሚሰደብ ሰው ወላጅ ነው፤ በዚህ ሁላችንም ተስማምተን ነበር። እኔ ብቻ አንድ ጊዜ ጠይቄአለሁ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ይዛት የመጣችው ሴት አክስቷ እንደሆነች አውቅ ነበርና «ወላጅ ነው ያልሁሽ፤ ይህች አክስትሽ ናት» ብዬ ሁለቱንም ከበር መለስኋቸው። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም። አክስቷ ስትሄድ ዞር ብላ አየችኝ፤ ያኔ ከቁብም አልቆጠርሁት። ከዓርብ ጀምሮ ግን ያቺ ሴት አብራኝ ትሄዳለች። ዳቦ ልገዛ ስወርድ ወረፋው ላይ ትቆማለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ትቀመጣለች።

ተመሳሳይ ቃላቱን ልጨርስልሽ። ‘ፋዘር’ንና ‘ማዘር’ን ታውቂያቸዋለሽ። ‘ጋርዲያን’ በሕግ ፊት ለልጅ ኃላፊነት የወሰደ ነው፤ ሞግዚት እንለዋለን። ከፊቱ ‘ፎስተር’ ሲገባ ለጊዜው ያሳደገ ማለት ይሆናል። ‘አዶፕቲቭ’ ሲገባ የራሱ አድርጎ ለዘለቄታው የተቀበለ ማለት ነው፤ በእኛ አገር የጡት አባት፣ የጡት እናት የምንለው። ከዚህ ከመጨረሻው ሥር አስምሪበት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ‘ባዮሎጂካል’ የሥጋና የደም ማለት ነው። ‘አሌጅድ’ ደግሞ ነው የተባለ፣ ገና ያልተረጋገጠ ማለት ነው። ከጋዜጣ ላይ ነበር ያስተማርኋችሁ፤ ሰረቀ የተባለውን ሰው ፍርድ ቤት እስኪወስንበት ድረስ በዚህ ቅጽል እንጠራዋለን። ቅጹ ላይ የገባው ለክፋት አይደለም። ምርመራ ያላለፈ ወላጅ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ እንዲሁ ይባላል፤ የላቦራቶሪ ልማድ ነው። ሌላውን አባት ሊያስቀይመው አይገባም። እኔን ግን ቃሏ ከዓርብ ጀምሮ እንደዚያ የጋዜጣ ሰው ትከስሰኛለች።

ይርጋለም፣ ስሜን ‘ባዮሎጂካል’ ከሚለው ጎን እንዳትጽፊው። እውነት አይሆንም።

ይኸው ጻፍሁት። እዚህ ለመድረስ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አሁን ተነሥቼ ውኃ ጠጥቼ ተመልሻለሁ። አንቺም ውኃ ጠጪና ተመለሽ፤ እጠብቅሻለሁ።

በ1984 ዓ.ም. ቆላ ድባ አስተምር ነበር። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ አንጓች ትባል ነበር። ባሏን ለጦርነት ወስደውት አልተመለሰም። አንቺ ዘጠኝ ወር ሲሆንሽ፣ በጥቅምት፣ ወባው በረታ። አንጓች ሰኞ አስተምራ ዓርብ ተቀበረች። ዘመድ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ፤ የመጣ የለም። ባለቤቴ ደስታነሽ ሦስት ጊዜ አርግዛ አንዱም አልቆየላትም ነበር። ከቀብር ስንመለስ አንቺን ከጎረቤት ተቀብላ አዘለችሽ፤ ቤት ገብተን እንኳ ከጀርባዋ አላወረደችሽም። እኔም አውርጂያት አላልኋት።

በሳምንቱ የአገሩን ሥርዓት አደረስን። ሦስት ሽማግሎች ተጠሩ፤ አንዱ ማረሻ ይቀጠቅጥ የነበረው ዘመዳችን ሽባባው ነበር። ደስታነሽ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ፣ ከጡቷ አጠገብ አድርጋ አጠባችሽ። እኔም ጣቴን ነክሬ ሰጠሁሽ። የእኔን ነከስሽው፤ ሁለት ጥርስ አውጥተሽ ነበር። ሽማግሎቹ ሳቁ። ከዚያ «የማር ልጃችሁ ናት። እንደ አብራካችሁ ክፋይ ትውረሳችሁ። የእኛ አይደለችም ያላችሁ ቀን ማሩ ሬት ይሁንባችሁ» ብለው አማሉን። እኛ ደግሞ በተራችን እነሱን አማልናቸው፤ ልጅቱ ራሷ ሳታውቅ ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ። በዓመቱ ወደ ጎንደር ተዛወርን። እዚያ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

መቼ ልንገርሽ እል ነበር። ፊደል ስትቆጥሪ፣ ትንሽ ትደግ አልሁ። ማትሪክ ስትቀመጪ፣ ፈተናዋን ላላበላሽባት አልሁ። ስታገቢ፣ በሠርጓ ሰሞን አይሆንም አልሁ። ሆዲያን ስትወልጂ፣ አራስ ናት አልሁ። ለእያንዳንዱ ቀን ምክንያት ነበረኝ። ሰዎች የእጅ ጽሕፈትሽን አይተው «በአባቷ ወጥታ ነው፤ መምህር አይደል» ሲሉ ደግሞ ዝም ብዬ ምስጋናውን እቀበል ነበር። ጽሕፈትሽ የእኔ አይደለም። የእኔ ወደ ግራ ያጋድላል። የፊደሎችሽ አቋም፣ በተለይ «ረ»ን ስትጽፊ እግሯን የምትስቢው፣ የአንጓች ነው። ከስም መጥሪያ ደብተሯ አንድ ገጽ ሠላሳ አራት ዓመት አስቀምጫለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ፤ ከራስሽ ጽሕፈት ጎን አድርገሽ እዪው። መቃብሯ ቆላ ድባ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተ ምሥራቅ፣ ከወይራው ሥር።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። በ2003 ወደዚህ ስንመጣ አንቺ ትዳር ይዘሽ ስለነበር ጉዳይሽ ለብቻው ይታያል ተባለ። የሚመዘግበው ሰው «ስንት ልጅ አላችሁ?» አለኝ፤ «አንድ» አልሁ። አልዋሸሁም። ሌላ መልስ በአእምሮዬ አልነበረም። የማር ልጅ ያለው ሰው «ልጅ አለህ?» ሲባል «አዎ፣ ግን በማር ነው» ብሎ አይመልስም፤ ነውር ነው፤ መሐላም ማፍረስ ነው። ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጉዳይሽን ለማንቀሳቀስ በዕብራይስጥ የተጻፈ የመሐላ ቃል አቀረቡልኝ። የተረጎመችልኝ ሴት «ይርጋለም ልጅዎ መሆኗን ነው የሚለው» አለችኝ። ፈረምሁ። ለተማሪ «ሳታነብ አትመልስ» እያለ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው፣ ያላነበበውን ወረቀት ፈረመ።

እሑድ ጠዋት ያንን ወረቀት ይዤ ናአማ ዘንድ ሄድሁ። ናአማ ጉዳይሽን የያዘችው ጠበቃ ናት፤ የእኛው ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፤ አማርኛዋ ይሰባበራል።

«ጋሽ ሳህሉ፣ እዚህ ጋ ‘ባት ቢዮሎጊት’ ይላል። ከእናንተ ሆድ የወጣች ማለት ነው» አለችኝ። «እንዲያ ነው?»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብሁት።

«ሎ? አይደለችም?» እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ዋይ አባ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ ናት» አልኋት።

«እሱን አውቃለሁ፤ በየሳምንቱ ፎቶዋን ያሳዩኝ የለ! እኔ ስለ እርስዎ ልብ አላወራም። ስለ ወረቀቱ ነው የማወራው።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ወረቀቱ ሌላ፣ ምራቁ ሌላ ከተናገረ ምስራዱ፣ ጉዳይሽን የሚወስነው መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ ያታለልነው ሊመስለው ይችላል። ያኔ ፋይልሽ ይዘጋል፤ ደግሞ የሚከፍተው አይገኝም። ከምርመራው በፊት እኛው ቀድመን ቃሉን ካረምን፣ በአገር ባህል የተቀበልናት ልጅ ናት ብለን ካስመዘገብን፣ ሥርዓቱን በዓይኑ ያየ ምስክርም ካቆምን፣ ሲኩይ አለ አለች። ሲኩይ ዕድል ማለት ነው።

«ምን ያህል ዕድል?» አልኋት።

«አላውቅም፣ ጋሽ ሳህሉ። ልዋሽዎ አልፈልግም።»

አንጓች ክርስቲያን እንጂ ከእኛ ዘር፣ ከቤተ እስራኤል፣ አልነበረችም። ይህንንም ነገርኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ይህ ደግሞ ዕድሉን ያጠበዋል» አለች።

ከሦስቱ ምስክሮች ሁለቱ ሞተዋል። የቀረው ሽባባው ነው። ትናንት በአውቶቡስ ወደ ሮቫ ሔት ሰፈር ሄጄ ከሴት ልጁ ቤት አገኘሁት። ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ከእኔ ይሻላል።

«አባ ሽባባው፣ ቆላ ድባ፣ የማሩን ቀን ያስታውሳሉ?» አልሁ።

«ትናከሳለች ያቺ ልጅ!» ብሎ ሳቀ። «ጣትህ ዳነልህ?»

«ድኗል። ምስክር እንዲሆኑልኝ ነው የመጣሁ። ጠበቃዋ ፊት።»

ሳቁ ቆመ። «ልጅቱ አውቃለች?»

«ገና ናት።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ? መሐላዬን ልታስበላኝ? ሐሙስ ስግድ ነው፤ ጾሜ ልሰግድ የምወጣ ሰው ነኝ። ዘጠና ዓመት የጠበቅሁትን አፌን በመጨረሻው ሰዓት ልታረክስብኝ?»

«ጊዜ የለንም አባ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ነበረህ» አለኝ።

 ልጁ ሻይ አመጣችልን። አልጠጣሁትም። ሽባባው ሻዩ ሲቀዘቅዝ አይቶ ትንሽ ለዘብ አለ። «አንተ ፈሪ ነህ ሳህሉ። ድሮም ሌላ ሰው የጻፈውን እንጂ የራስህን አታነብም። በል ስማ። እሷ ራሷ ትደውልልኝ። ‘አባ ሽባባው፣ አውቄአለሁ’ ትበለኝ። ያን ከአፏ ከሰማሁ በማግሥቱ በከዘራዬ እየተንፏቀቅሁም ቢሆን እመጣለሁ፤ የማሩን ቀለም ሳይቀር እነግራቸዋለሁ።»

ደብዳቤው በዚህ ምክንያት ተጻፈ። ሽባባው ባይዘኝ ኖሮ ዛሬም ሌላ ምክንያት አገኝ ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ ስነግራት ቁጣዋ ሌላ ነው።

«እንዳትጽፍ! ምራቋን ይውሰዱ፤ ምን ያገኛሉ? እኔን ነው የሚያገኙት! ማር ከጣቴ ልሳ፣ እኔ ያኘክሁትን ጎርሳ፣ ሃያ ዓመት ከእጄ በልታ፣ ምራቋ የማን ሊሆን ኖሯል?»

«ደስታነሽ፣ ሳይንሱ እንደዚያ አይሠራም።»

«ሳይንስህ ያን ሁሉ ሌሊት ስታለቅስ የት ነበር?»

  ከዚያ መነጽሬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በጉያዋ ከተተችው፤ እንዳልጽፍ። ይህን የምጽፈው እጀታው በተሰበረው በድሮው መነጽር ነው፤ መስመር ከሳትሁ ለዚያ ነው። ስትወጣ ከበሩ ላይ ቆማ ዋናውን ተናገረች። «ሆዲያ አያቴ አይደለሽም ብትለኝስ?» አለች። ሌላው ሁሉ ጩኸት ነበር። ፍርሃቷ ይህ ነው።

የእኔንም ፍርሃት በግልጽ ልጻፍልሽ። ባለፈው አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ሲጮህ፣ አርባ አምስት ሰከንድ ውስጥ እናትሽን ደግፌ ደረጃውን ስወርድ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ያኔ የምሮጥበትን አውቅ ነበር፤ ሚክላቱ፣ መጠለያው፣ ከደረጃው ግርጌ ነው። አሁን የምፈራው፣ ካልነገርሁሽ ውሸቱ በሩን ይዘጋብሻል፤ ከነገርሁሽ ደግሞ እውነቱ ራሱ ሊዘጋብሽ ይችላል። ዐሥራ አምስት ዓመት በዚያ በኪራይ ቤት፣ ሻንጣሽን ሳትፈቺ የተቀመጥሽው በእኔ ዝምታ ላይ ተደግፈሽ ነው። ወንዳለ ሥራ ተቀጥሮ እንኳ «ነገ እንሄዳለን» እያለ የተወው በእኔ ዝምታ ነው። ለሆዲያ ይህን የዕብራይስጥ ስም ያወጣችሁላት እዚህ ትጠራበታለች ብላችሁ ነው። ይህን ስትቆጥሪ ምን እንደምትዪኝ አላውቅም። ብትቆጪ፣ ሙሉ ማርክ እሰጥሻለሁ።

የምታደርጊውን በቅደም ተከተል ስሚኝ። ቅጹን አትሙዪ፤ አንድም ቦታ ላይ አትፈርሚ። የሽባባው ቁጥር ከአንጓች ገጽ ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል። እሱ ቃሉን እንደ ሰጠ ናአማ የእርማቱን ማመልከቻ ታስገባለች፤ ቀጠሮውም እንዲተላለፍ ትጠይቃለች። ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰሽ በሁለት ቀን ውስጥ ለሽባባው መደወል አለብሽ። ሳትደውዪ ኅዳር 23 ከሄድሽ ውጤቱን እኔ ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

ብዙአለም ማክሰኞ እጅሽ ላይ ታደርሰዋለች። ከዚያ ዓርብ ይመጣል፣ ኅዳር 19። ሰንበት ሳይገባ፣ በሰዓትሽ፣ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ብትደውዪ የምታወሪው ሁሉ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። በምን እንደምትጠሪኝ አላውቅም። በስልክ ያልነገርሁሽም ለዚህ ነው። ካልደወልሽም ይገባኛል። እኔን ተዪኝ፤ ለሽባባው ግን ደውዪ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መደወል ከቻልሽ ለእሱ ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ከትርጉሙ ቀርቶብኛል። መዝገበ ቃላት ቃልን የሚያስረዳው ሰዎች እንዴት እንደተጠቀሙበት አይቶ ነው እንጂ አስቀድሞ አዝዞ አይደለም። አንቺ ይህን ቃል ሠላሳ አራት ዓመት ተጠቅመሽበታል። ብትቀጥዪ ትክክል ነው። ብትተዪውም ትክክል ነው። እኔ ላርምሽ አልችልም።

የአብርሃም አምላክ መንገድሽን ይጥረግልሽ። ያላየሻትን እናትሽን ነፍስ በአርያም ያሳርፍ፤ ያየሻትንም ያቆይልሽ። ሆዲያን ግንባሯን ሳሚልኝ። ከወንዳለ ጋር አትጣዪ፤ ቁጣሽ በእኔ ላይ ይብቃ። የተከፈተውን የሚዘጋ፣ የተዘጋውን የሚከፍት አምላክ፣ በሩን በአንቺ በኩል ይግለጠው።

ዐሥራ አምስት ዓመት በላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ የምጽፋት ቃል ነበረች። ዛሬ ልጽፋት እጄን ሰድጄ መለስሁት። ባዶ ቦታ ትቶ ወረቀት የሚመልስ ተማሪ አልወድም ነበር፤ ዛሬ ግን ራሴ ትቼዋለሁ። አንቺ ሙዪው።

.......................... ሽ
ሳህሉ

ይህን ፈርሜ ሳጥፈው እናትሽ ገባች። መነጽሬን ከጉያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አንብብልኝ» አለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። ባዶው ቦታ ላይ ስደርስ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኋት።

«አንተ ትተህ ሂድ» አለችኝ። «እኔ ባዶ የምተወው ነገር የለኝም።»

መጻፍ እንደማትችል ታውቂያለሽ። እስክሪብቶዬን ፈትታ ቀለሙን ቀባችና እዚህ ታች አተመችው። ሰማያዊው የእሷ አውራ ጣት ነው። ያው ጣት ነው።